ያን 53 ሜትር የጡብ ግንብ ያሠራው ቃቡስ ማነው? የጎርጋን ዚያሮችን የምታውቁ ብቅ በሉ

ጡብ_ደርዳሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኢራን ሰሜን በኩል፣ ከካስፒያን ባሕር ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ጎንበደ ካቩስ የምትባል ከተማ አለች፣ እዛ ጉብታ ላይ አንድ የጡብ ግንብ ቆሟል። ቁመቱ 53 ሜትር ገደማ ነው፣ ሺህ ዓመት አልፎታል፣ ዩኔስኮም በ2012 መዝግቦታል። እንጀራዬ ከጡብ ጋር ስለሆነ ፎቶውን ሳይ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ጌጥ የሚባል ነገር የለበትማ! ቀለም የለ፣ ቅርጻ ቅርጽ የለ፣ ዙሪያውን አሥር ሹል ማዕዘን ከመሠረቱ ተነስቶ እስከ ጣራው ሥር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ሾጣጣ ቆብ፣ ቆቡም ራሱ ጡብ ነው፣ በቃ። ያለው ነገር ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ቦታ፣ አንዱ ከበሩ ከፍ ብሎ አንዱ ከጣራው ሥር፣ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ያህል ይወፍራል፣ ውስጡ ግን ከታች እስከ ላይ ወና ነው፣ ፎቅ የለ ደረጃ የለ።

ጽሑፉ ወደኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ይህ ከፍ ያለ ቤተ መንግሥት የአሚሩ የሻምስ አል መዓሊ፣ የአሚር ልጅ አሚር፣ የዉሽምጊር ልጅ የቃቡስ ነው፣ በሕይወቱ ሳለ እንዲሠራ አዘዘ፣ 397 በጨረቃ፣ 375 በፀሐይ።

ሰው ሁሉ መቃብር ነው ይላል፣ ጽሑፉ ግን መቃብር አይልም። ሰውየው ማነው? ሁለት ዓመተ ምሕረትስ ምን አስፈለገው?

ጥያቄ_አለኝ፦
እኔ ስለ ፋርስ የማውቀው ቂሮስ፣ ዳርዮስ፣ ከዛ ሰተት ብሎ ሻህና ኾሜኒ ነው ሃሃሃ መሀሉን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። እስቲ የምታውቁ አውሩ እኔ አነባለሁ

ቀለም_ቀንድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው እንዳትምታቱ።

ቃቡስ የዚያር ቤት አራተኛው ገዢ ነው። ነገሩ የሚጀምረው 920ዎቹና 930ዎቹ ላይ ነው። ባግዳድ ያለው የአባስ ኸሊፋ ስሙ እንጂ ጉልበቱ የለም፣ ቡኻራ ላይ ሳማኒዶች የምሥራቁን ይዘዋል፣ ከካስፒያን በታች ያሉት ተራሮች ደግሞ፣ ጊላንና ደይለም የሚባሉት ማለቴ ነው፣ ለማንም ተገዝተው የማያውቁ እግረኛ ተዋጊዎች አገር ናቸው። ከፍሎ ለቀጠራቸው ሁሉ ይዋጋሉ። ከነሱ አንዱ የዚያር ልጅ መርዳዊጅ ነው። ጌታውን አስፋርን ገለበጠና 931 ላይ የኢራንን ትልልቅ ከተሞች ሬይን፣ ሐመዳንን፣ ኢስፋሃንን ጠቅልሎ ያዘ፣ ሐመዳን ላይ ደግሞ ሕዝብ ጨረሰ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተራራ ወታደርነት ወደ ወርቅ ዙፋን።

ሕልሙ ትልቅ ነበር። ባግዳድን እይዛለሁ፣ በድሮው ዋና ከተማ በክቲሲፎን የፈረሰውን የጥንቱን የፋርስ ንጉሥ የኾስሮውን አዳራሽ አሳድሳለሁ ይል ነበር፣ ዘውዱንም በድሮዎቹ በሳሳን ነገሥታት ዘውድ አምሳል አሠራ። ከዛ በ935 ጥር ላይ ኢስፋሃን ውስጥ ገላውን ሲታጠብ የገዛ ቱርክ ወታደሮቹ ገደሉት። ለምን ብትሉ፣ ከዚያ በፊት ሳዴ የሚባለውን የእሳት በዓል በተራራው ሁሉ እንጨት አስከምሮ ሊያከብር አዘጋጅቶ ነበርና ደመራው አነሰብኝ ብሎ አኩርፎ ነበር፣ ቆይቶ ደሞ የቱርኮቹ ፈረሶች ጫጫታ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ምን አለ መሰላችሁ? ኮርቻዎቹ ከፈረሶቹ ወርደው በሰዎቹ ጀርባ ላይ ይጫኑ፣ እየተጎተቱም ወደ ጋጣ ይግቡ! ተደረገ። እነዛ ሰዎች ናቸው መታጠቢያ ቤቱን የከበቡት።

ከገዳዮቹ ሁለቱ፣ ባጅከምና ቱዙን፣ ቆየት ብለው ባግዳድ ውስጥ ከኸሊፋው በላይ የሚያዙ ጦር አለቆች ሆኑ። ቃቡስ ላይ ገና አልደረስኩም፣ እመለሳለሁ

ወሎዬው፦
ኮርቻ በሰው ላይ?? ወይ አምላኬ ታዲያ ባይገድሉት ነበር የሚገርመኝ

ሰብለ_ሎሚ፦
@ቀለም_ቀንድ አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ "የፋርስን መንግሥት ሊመልስ ነበር" የሚባለው ነገር እኔን ሁሌ ያጠራጥረኛል። አሁን ያሉ ሰዎች የአሁኑን ስሜት ወስደው መርዳዊጅ ላይ ያለብሱታል። ሰውየው እኮ ከባግዳድ ሹመት ተቀብሎ የአባሶችን ጥቁር ልብስ ለብሷል። ዘውድ የማይወድ ጦር አለቃ ማን አለ? ያገኘውን ትልቁን ዘውድ ነው የፈለገው።

ቀለም_ቀንድ፦
@ሰብለ_ሎሚ በከፊል እስማማለሁ። ግን ዘውዱም፣ የክቲሲፎኑ አዳራሽም፣ የሳዴው እሳትም በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ዝም ብሎ ጉራ ነው ማለት ይከብደኛል። ቋንቋው ያ ነበር፤ በዛ አገር ታላቅ ንጉሥ መባል የፈለገ ሰው ኾስሮውን መምሰል ነበረበት፣ ቡያዎችም በኋላ ሻሃንሻህ ተባሉ። ጥቁር ልብሱን ካነሳሽው አይቀር ግን የወንድሙን ታሪክ ስሚ። መርዳዊጅ ሬይ ላይ ሲደላደል ወንድሙን ዉሽምጊርን እንዲያመጡለት ወደ ጊላን መልክተኛ ላከ። መልክተኛው ሲደርስ ዉሽምጊር ከጓደኞቹ ጋር በባዶ እግሩ ሩዝ ይዘራል፣ ልብሱ የተጣጣፈ ነው። ወንድምህ አገር ገዝቷል ና ሲለው፣ ለኸሊፋ ገብሮ ጥቁር ለበሰ ሲባል ሰምቶ ስለነበር፣ በመልክተኛው ጢም ላይ በአፉ የነውር ድምፅ አሰማበት አሉ። በግድ በልምምጥ ነው የወሰዱት።

እና ያ ከጭቃ የወጣ ሰው መርዳዊጅ ሲሞት ወራሽ ሆኖ 30 ዓመት በላይ ገዛ። ገዛ ስል ግን ያየሽው መከራ ነው፣ ሬይን በቡያዎች ተነጠቀ፣ ካስፒያን ዳር ያሉት አገሮች ጎርጋንና ታበሪስታን አንዴ ይያዛሉ አንዴ ይለቀቃሉ፣ በተሸነፈ ቁጥር ወደ ሳማኒዶች ሄዶ ጦር አበድሩኝ ይላል። 967 ላይ አደን ወጥቶ ከርከሮ ገደለው። ከሳማኒዶች ጋር ትልቅ ዘመቻ ሊጀምር ተሰናድቶ ሳለ ነው እንግዲህ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ቡያዎች ቡያዎች ትላለህ እነሱ ደሞ እነማን ናቸው አሁን

ቀለም_ቀንድ፦
ሦስት ወንድማማቾች፣ አባታቸው ቡያ ዓሣ አጥማጅ ነበር ይባላል። እነሱም ደይለማውያን ናቸው። ታላቁ አሊ የመርዳዊጅ ሎሌ ነበረ፣ መርዳዊጅ ነው ከረጅ የምትባል ትንሽ ቦታ ሰጥቶ ሰው ያረገው። አሊ እዛ ገንዘብና ሰው ሰብስቦ ወደ ደቡብ ወረደና ሺራዝን ያዘ። መካከለኛው ሐሰን መርዳዊጅ ዘንድ መያዣ ሆኖ ነበር፣ ጌታው መታጠቢያ ቤት ሲገደል አመለጠ። ትንሹ አሕመድ 945 ላይ ባግዳድ ገባ። መርዳዊጅ የተመኘውን ያገኙት የሱ ሎሌዎች ናቸው፣ ዚያሮች ደሞ ከዛ ወዲያ ባሕሩና ተራራው መሀል ባለች ጠባብ አገር ተወስነው ቀሩ። የዚያሮችን ታሪክ ከዚህ ቂም ለይቶ ማየት አይቻልም።

ጡብ_ደርዳሪ፦
ቃቡስ ቃቡስ ቃቡስ! የጡቤ ባለቤት የታለ

ቀለም_ቀንድ፦
መጣ መጣ። ዉሽምጊር ሲሞት ትልቁ ልጁ ቢሱቱን ገዛ፣ እሱን ልለፈው። 977 ቢሱቱን ሲሞት ወንድሙ ቃቡስ ተነሳ። ቃቡስ እንደ አባቱ ሩዝ የዘራ ሰው አይደለም፣ በአረብኛም በፋርስኛም ግጥም ይጽፋል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ የእጅ ጽሑፉ ደግሞ አገር ያወራለታል። የጠላቶቹ የቡያዎች ታላቁ ወዚር ሳሒብ ኢብን ዓባድ ራሱ የቃቡስን ጽሑፍ ሲያይ "ይሄ የቃቡስ እጅ ነው ወይስ የጣዎስ ክንፍ" ይል ነበር፣ በአረብኛው ቤት ይመታል።

አሁን ዋናው ነገር። ቡያዎች፣ የነዛ ወንድማማቾች ልጆች፣ እርስ በርስ ተጣሉ። ታናሽየው ፋኽር አል ዳውላ በወንድሙ በአዱድ አል ዳውላ ተሸንፎ ሸሽቶ ቃቡስ ቤት ገባ። አዱድ አል ዳውላ በዘመኑ ከሁሉ የበረታ ንጉሥ ነው፣ ባግዳድም ሺራዝም በእጁ ነው። ስጠኝ ብሎ ላከበት። ቃቡስ እንግዳዬን አሳልፌ አልሰጥም አለ። 981 ላይ ጦር መጣና ጎርጋንን አጣ፣ ከእንግዳው ጋር ወደ ኒሻፑር ተሰደዱ። አዱድ ሞተ፣ 984 ላይ ፋኽር አል ዳውላ ተጠርቶ ሬይ ላይ ነገሠ። በሱ ምክንያት አገሩን ላጣው ሰው ጎርጋንን መለሰለት? አልመለሰም! ያው ጽሑፉን ያደነቀው ሳሒብ ኢብን ዓባድ ነው አትመልስ ብሎ የመከረው። ቃቡስ ፋኽር አል ዳውላ እስኪሞት ኒሻፑር ተቀምጦ ጠበቀ፣ 17 ዓመት ያህል፣ 998 ላይ ነው ተመልሶ የገባው።

ወሎዬው፦
በልቶ ካጅ! እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም

ሰብለ_ሎሚ፦
ይሄን ክፍል ሁሉም ይወደዋል፣ እንግዳውን ያልሸጠ ደጉ ቃቡስ፣ ባለ ግጥሙ ባለ ጽሑፉ። ቀጣዩንም ንገሩና። ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነበር። ይሄን የጠላት ጸሐፊ አይደለም ያለው፣ የልጅ ልጁ ኬይካዉስ ነው በራሱ እጅ የጻፈው፣ አያቴ ደም አፍሳሽ ነበረ፣ የማንንም ጥፋት ይቅር ማለት አይችልም ነበር ይላል። በትንሽ በትልቁ ሰው ያስገድላል። በመጨረሻ ጦሩ መሮት አደመ፣ ልጁን ማኑቸህርን ጠርተው ወይ አንተ ንገሥ ወይ ቤቱን ለሌላ እንሰጣለን አሉት። ልጁ እሺ አለ። ቃቡስን ምሽግ ውስጥ ዘጉበት፣ ክረምት ነው፣ በረዶ ነው፣ ልብሱን ወስደውበት የፈረስ ልብስ እንኳ ስጡኝ እያለ ለምኖ በብርድ ሞተ። 1012 ወይም 1013 ነው።

የሚገርመኝ ግን መንገድ ላይ የተባለው ነው፣ እሱም ኬይካዉስ የጻፈው። ቃቡስን በቃሬዛ ወደ ምሽጉ ሲወስዱት አንዱን ጠባቂ ለምን ይሄ እንደደረሰብኝ ታውቃለህ አለው። ብዙ ሰው ስለገደልህ ነው አለው ሰውየው። ቃቡስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ተሳስተሃል፣ ጥቂት ስለገደልኩ ነው፣ አንተንና እነዛን አምስቱን ገድዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልደርስም ነበር።

ጥያቄ_አለኝ፦
ወይ ጉድ። ሊሞት እየሄደ እንኳ አልተጸጸተም

ስቴቶስኮፕ፦
ሰላም፣ እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ ይሄ ክር ላይ የኢብኑ ሲና ስም ሳይነሳ ሲቀር አላስችል አለኝ። ኢብኑ ሲና ከኽዋሬዝም ተነስቶ ከተማ ለከተማ ሲንከራተት ሊደርስ ያሰበው ቃቡስ ዘንድ ነበር፣ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ብሎታል። መንገድ ላይ እያለ ግን ቃቡስ ተያዘ ሞተ። ኢብኑ ሲና ደሂስታን ሄዶ ታመመ፣ ከዛ ተመልሶ ጎርጋን ገባና እዛ ነው ጁዝጃኒ የሚባለው ተማሪው ያገኘው፣ እስከ ሞቱ ያልተለየው። ያ ስንት መቶ ዓመት የዓለም ሐኪም የተማረበት የሕክምና መጽሐፉ ደግሞ መጀመሪያው የተጻፈው ጎርጋን ውስጥ ነው። ማለቴ ንጉሡ ቢሞትም ከተማው ለምሁር የሚሆን ነበር ለማለት ነው።

ቀለም_ቀንድ፦
@ስቴቶስኮፕ ተባረክ። ቢሩኒም አለ። ቢሩኒ ወደ 1000 ዓ.ም. ገደማ ገና 30 ሳይሞላው ጎርጋን ቃቡስ ዘንድ ሆኖ ስለ የሕዝቡ ሁሉ የዘመን አቆጣጠር፣ የፋርሱን፣ የአይሁዱን፣ የክርስቲያኑን፣ የአረቡን፣ በዓላቱን ሁሉ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ለሱ አበርክቷል። ቢሩኒ ቃቡስን የሚያመሰግንበት ነገር ደስ ይለኛል፣ ፊት ለፊት ሲያሞጋግሱት አይወድም ነበር፣ በፋርስ በዓላት በኖውሩዝና በመህረጋን ለባለቅኔዎቹ እንደየደረጃቸው ገንዘብ ይታደላል፣ ግጥሙን ግን ቁጭ ብሎ አይሰማም። ስንት ንጉሥ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

ሰብለ_ሎሚ፦
ውዳሴ አለመስማት ጥሩ ነው። ወቀሳ ለመስማትስ ምን ያህል ጆሮ ነበረው? ኧረ ተዉኝ።

ሌላው ነገር፣ የምሁር ወዳጅ መሆንና ገዳይ መሆን በዛ ዘመን የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፣ በምሥራቅ የነበረው ኃያሉ ሱልጣን የጋዝናው ማሕሙድም እንደዛ ነው። ለምሁር ግብዣ ማድረግ ለትንሽ ገዢ ርካሽ መንገድ ነው፣ ጦር መግዛት አይችልም፣ ስም መግዛት ግን ይችላል።

ዋሻ_ቤተ_መዛግብት፦
ሰላም ልጆች። ብዙ ጊዜ የማነበው ዝም ብዬ ነው፣ ዛሬ ግን ስለ ሁለቱ ዓመተ ምሕረት የመለሰ ሰው ስላላየሁ ገባሁ። 397 የሂጅራው ነው፣ ጨረቃ። 375 ደግሞ የየዝደገርድ ዘመን ይባላል፣ መጨረሻው የሳሳን ንጉሥ 3ኛው የዝደገርድ ከነገሠበት ከ632 ጀምሮ የሚቆጠር። ሁለቱም ወደ 1006 እና 1007 ያመጡናል። አሁን ለኛ ሰው የሚገርመው፣ ያ የፋርስ ዓመት 12 ወር ነው፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ላዩ ላይ 5 ተጨማሪ ቀን። ጳጉሜን ልንለው እንችላለን። ልዩነቱ እኛ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንጨምራለን፣ እነሱ አይጨምሩም ነበር፣ ስለዚህ ዓመታቸው በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ከወቅቱ እየሸሸ ይሄድ ነበር።

ሁለት አቆጣጠር መጻፉ ደግሞ ብርቅ ፍልስፍና አይደለም። የመሬት ግብር ከአዝመራ ጋር ስለሚሄድ በጨረቃ ሊሰበሰብ አይችልም፣ ጸሎትና ጾም ደግሞ በጨረቃ ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁለቱንም በእጁ ይዞ ነው የሚኖረው። ቢሆንም አንድ ሙስሊም አሚር በግንቡ ላይ በእሳት አምላኪው ንጉሥ ዘመን ዓመት ሲያስጽፍ ትንሽም ቢሆን የሚናገረው ነገር ያለ ይመስለኛል፣ በተለይ አጎቱ መርዳዊጅ ከሆነ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ጋሼ እርስዎ እስካሁን የት ተደብቀው ነበር! እባክዎ ይበርቱልን፣ እኔ ጳጉሜን የኛና የግብፆች ብቻ ነበር የሚመስለኝ

ጡብ_ደርዳሪ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የመቃብሩን ጥያቄ ማን ይመልስልኝ። እኔ የማስበውን ልንገራችሁና ተቃወሙኝ። ፎቅ የለ፣ ደረጃ የለ፣ መስኮት ቢባል ጣራው ላይ በምሥራቅ በኩል አንዲት ቀዳዳ ናት። ቤተ መንግሥት ቢሆን የት ነው የሚተኛው? ለጠባቂ ማማ እንዳይባል አናቱ ላይ መውጫ የለውም። የቀረው መቃብር ብቻ ነው።

ወሎዬው፦
አስከሬኑ በብርጭቆ ሣጥን ሆኖ ከጣራው ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነበር፣ ጠዋት ፀሐይ በዛች ቀዳዳ ስትገባ ፊቱ ላይ እንድታርፍ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ቀለም_ቀንድ፦
ተረቱ የቆየ ነው፣ እዛው አገር የሚወራ። ሩሲያውያን 1899 ላይ ወለሉን ከ10 ሜትር በላይ ቆፍረው ነበር፣ አጽም አላገኙም። ከዛ ወዲህ ነው ሰው ወደ ብርጭቆው ሣጥን የበለጠ የዞረው፣ መሬት ውስጥ ከሌለ እንግዲህ አየር ላይ ነበር ማለት ነው በሚል።

እኔ ከጽሑፉ "በሕይወቱ ሳለ እንዲሠራ አዘዘ" የሚለው ላይ ነው የማተኩረው። ለመኖሪያ ቤት በሕይወቱ ሳለ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? ቤት ሁሌም የሚሠራው በሕይወት ሳሉ ነው። ያ ሐረግ ለመቃብር ነው ትርጉም የሚሰጠው።

ሰብለ_ሎሚ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ እንደውም በዚህ ክር ላይ እስካሁን የተባለው ምርጥ ነገር ነው። ግን ደስ የሚለኝ ሌላ ነው፣ መቃብር የሚለውን ቃል ሳያስገባ ያስጻፈው። ሌላው አሚር ቢሆን የቁርኣን አንቀጽ፣ ማረኝ፣ ጸልዩልኝ ያስጽፋል። እዚህ ከቢስሚላ ቀጥሎ ያለው ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉና ቀኑ ነው። ምሕረት የሚለምን ቃል የለበትም። ይቅርታ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ይቅርታ አልጠየቀም።

ወሎዬው፦
ኧረ ሰብልዬ ዛሬ ሰውየውን ሁለተኛ ጊዜ ገደልሽው

ጥያቄ_አለኝ፦
ልጁ ማኑቸህርስ? አባቱን አሳልፎ ሰጥቶ ተኝቶ ማደር ቻለ?

ቀለም_ቀንድ፦
ቻለ መሰለኝ። ኬይካዉስ እንደሚለው አባትና ልጅ ተገናኝተው ተላቅሰዋል፣ ልጁ ልሙትልህ ብሎታል፣ ቃቡስም ይሄ መጨረሻዬ ነው ውሰደው ብሎ የመንግሥቱን ማህተም ሰጥቶታል። የልጅ ልጅ የጻፈው ስለሆነ ቤቱን ለማሳመር የተጨመረ ነገር ሊኖርበት ይችላል፣ አንባቢ ይፍረድ። ማኑቸህር ከዛ ለጋዝናው ማሕሙድ ገበረ፣ በየዓመቱ 50 ሺህ ዲናር፣ የሱልጣኑንም ልጅ አገባ። በሱ ስም ራሱን ማኑቸህሪ ብሎ የሰየመው ባለቅኔ ከሱ ይልቅ ይታወቃል። ከሱ በኋላ ያሉት ገና ጋዝናን ሲያስደስቱ 1041 ላይ የሰልጁክ ቱርኮች መሪ ቱግሪል ጎርጋን ደረሰ፣ ለሱም ገበሩ። ትንሽ ቤት እንዲህ ነው ትልቅ በተቀየረ ቁጥር ግብሩን ወደ አዲሱ ያዞራል፣ በዚህም ብልሃት ነው ሳማኒዶችም ቡያዎችም ጠፍተው እነሱ 1090 ገደማ ድረስ የቆዩት።

ዋሻ_ቤተ_መዛግብት፦
ኬይካዉስን እንዲሁ አትለፉት፣ እኔ ከቤቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። 1082 ላይ 63 ዓመት ሞልቶት ለልጁ ለጊላንሻህ 44 ምዕራፍ ምክር ጻፈለት፣ በአያቱ ስም ቃቡስናማ ነው የሚባለው። ልጁ የሚወርሰው መንግሥት ብዙም እንደማይቆይ የገባው ሰው ነው የጻፈው፣ ስለዚህ ንጉሥ ስለመሆን ብቻ አይደለም የሚመክረው። ነጋዴ ብትሆን፣ ሐኪም ብትሆን፣ ባለቅኔ ብትሆን፣ ዘፋኝ ብትሆን፣ ገበሬ ብትሆን እንዲህ አድርግ ይለዋል። ፈረስ ስትገዛ ጥርሱን እንዴት እንደምታይ፣ ቤት ስትገዛ መጀመሪያ ጎረቤቱን መርምር፣ ጠግበህ ወዲያው ገላህን አትታጠብ። የንጉሥ ልጅ ሙያ መማር የለበትም የሚሉትን አይቀበልም፣ የጥንቱ ንጉሥ ጉሽታስፕ ሮም አገር ሲቸገር በአንጥረኝነት ነው ያደረው ብሎ ይተርክለታል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኬይካዉስ ልጅ ሳለ አባቱ ፈረስ ግልቢያ፣ ቀስት፣ ጦር ውርወራ፣ ሁሉንም አስተማረው። ጨርሻለሁ ሲል አባትየው ከአባስኩን የባሕር ሰዎች ጠርቶ ዋና አስተምሩት አለ። ልጁ ተነጫነጨ፣ በግድ ተማረ። ቆይቶ ለሐጅ ሲሄድ ሞሱል አካባቢ ዘራፊዎች ገፈፉት፣ በጤግሮስ ላይ በጀልባ ሲወርድ ውሃው የሚዞርበት ቦታ ላይ ጀልባው ተገለበጠ። ሃያ ምናምን ሰው ነበር ጀልባው ላይ፣ የወጡት እሱ፣ አንድ የባስራ ሽማግሌና አንድ አገልጋዩ ናቸው። አባቴን ከዛ በኋላ የበለጠ ወደድኩት፣ ስለሱም ምጽዋት ሰጠሁ ይላል።

ስቴቶስኮፕ፦
ጋሼ ይሄ ታሪክ እንዴት ደስ ይላል። መጽሐፉ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሟል?

ዋሻ_ቤተ_መዛግብት፦
አዎ ልጄ፣ 1432 ላይ ለኦቶማኑ ሱልጣን ለ2ኛው ሙራድ በቱርክኛ፣ 1811 ላይ በጀርመንኛ። የጀርመንኛውን ትርጉም ባለቅኔው ጎተ አንብቦ በጣም ወዶታል። በአማርኛ የሚሞክረው ወጣት ቢገኝ እኔ ለማረም እቀመጣለሁ።

ጡብ_ደርዳሪ፦
ቤት ስትገዛ መጀመሪያ ጎረቤቱን የሚለውን ለደንበኞቼ ሁሉ ነው የምነግራቸው። ሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ሥርወ መንግሥቱን ሳላውቅ ግንቡን ብቻ አይቼ ልተወው ነበር። አንድ ነገር ግን፣ ከተማው የድሮው ጎርጋን በሞንጎሎች ሲፈርስ ግንቡ እንዴት ተረፈ? የመሬት መንቀጥቀጥም ያለበት አገር ነው።

ቀለም_ቀንድ፦
የግንባታ ሰው አንተ ነህ፣ ለምን እንዳልወደቀ አንተ ንገረን እንጂ! ክብ መሆኑ፣ የግድግዳው ውፍረትና እነዛ አሥር ማዕዘኖች ይመስሉኛል። ለሞንጎሎች ደሞ ከውስጡ የሚዘረፍ ነገር የለውም።

ጡብ_ደርዳሪ፦
ማዕዘኖቹ ጌጥ ብቻ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው፣ ግድግዳውን እንደ ደጋፊ ይይዙታል። ነገ ንድፉን ስዬ በዚሁ ክር አስገባዋለሁ።

ሰብለ_ሎሚ፦
ቡያዎችን ደሞ ሌላ ክር ክፈቱላቸው፣ ስለ አዱድ አል ዳውላ የምጨቃጨቀው አለኝ

ወሎዬው፦
ማንን ልትገይ ነው ደሞ